ቢሳሳት ማን ይነግረዋል? ለአንደኛ ደረጃ ልጆች የእጅ ሥራ አመራረጥና አሠራር

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ወረቀት፣ ካርቶን፣ ክር፣ ሙጫና መቀስ ባለበት ክፍል ልጆች የሚሠሩት ነገር አይጠፋም። የሚከብደው መምረጡ ነው። አንድ ሥራ አርባ ደቂቃ ሙሉ ክፍሉን ጸጥ አሰኝቶ ሊያቆይ ይችላል፤ ሲያልቅ ግን ልጁ ከመጀመሩ በፊት ከሚያውቀው የጨመረው ነገር ላይኖር ይችላል። መምህሩ ስሎ ባባዛው በግ ላይ ጥጥ ማጣበቅ ከዚህ ወገን ነው። ልጆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት በግ ይዘው ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ የትኛው የማን እንደሆነ የሚለየው ከጀርባው በተጻፈው ስም ብቻ ነው።

ስለዚህ ለነገው ክፍለ ጊዜ ሥራ ስትመርጡ አንድ ጥያቄ አስቀድሙ፦ ልጁ ቢሳሳት ማን ይነግረዋል? መልሱ «እኔ» ከሆነ ሥራው ገና አልተዘጋጀም። መልሱ «በእጁ የያዘው ነገር» ከሆነ ያ ሥራ አንድ ክፍለ ጊዜ ይገባዋል። ዛሬ የምናነሳቸው ሥራዎች ሁሉ በዚህ ጥያቄ የተመረጡ ናቸው።

አሳቡ የቆየ ነው። ጣሊያናዊት ሐኪምና መምህር የነበሩት ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት ከፍተዋል። በእሳቸው ስም ከሚታወቁት የመማሪያ ዕቃዎች አንዱ 10 ቀዳዳ ያለው የእንጨት ግንድ ነው፤ ለያንዳንዱ ቀዳዳ ልኩ የሆነ የሲሊንደር ቅርጽ ያለው እንጨት አለው። ልጁ አንዱን ቀጭን እንጨት ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ ቢከተው ለጊዜው ይገባለታል። መጨረሻ ላይ ግን አንድ ወፍራም እንጨት እጁ ላይ ይቀራል፤ የተረፈው ቀዳዳ ደግሞ አያስገባውም። ማንም «ተሳስተሃል» አላለውም። ተመልሶ የት ላይ እንደሳተ የሚፈልገው ራሱ ነው፤ ትምህርቱም ያለው እዚያ ፍለጋ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ከወረቀት እንጀምር። የክፍልፋይ ሪባን ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን ከአንድ ኤ4 ወረቀት በላይ አይፈልግም። የኤ4 ወረቀት ርዝመት 29.7፣ ወርዱ 21 ሴንቲ ሜትር ነው። ርዝመቱን 24 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆርጣችሁ ወርዱን በየ3 ሴንቲ ሜትሩ ብትሰነጥቁት ልክ 7 ሪባን ይወጣል፤ ከወርዱ ቁራጭ አይተርፍም። 24ን የመረጥነው በምክንያት ነው። ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ8 እና ለ12 ያለ ቀሪ ይካፈላል። አንዱ ሪባን ሳይቆረጥ ሙሉ ሆኖ ይቀመጣል። ሌሎቹ ስድስቱ እንደ ቅደም ተከተላቸው 12 ሴንቲ ሜትር ወዳላቸው ግማሾች፣ 8 ሴንቲ ሜትር ወዳላቸው ሲሶዎች፣ 6 ሴንቲ ሜትር ወዳላቸው ሩቦች፣ ከዚያም 4፣ 3 እና 2 ሴንቲ ሜትር ወዳላቸው ስድስተኛዎች፣ ስምንተኛዎችና አሥራ ሁለተኛዎች ይቆረጣሉ። ከመቆረጡ በፊት እያንዳንዱ ሪባን የራሱን ቀለም ይቀባ፤ ከተቆራረጠ በኋላ 3 እና 4 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ቁርጥራጮችን በዓይን መለየት አድካሚ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። የመጀመሪያው ማስመሪያውን ማንቀሳቀስ ነው። ልጁ 2 ሴንቲ ሜትር ምልክት ካደረገ በኋላ ማስመሪያውን አንስቶ ዜሮውን አዲሱ ምልክት ላይ ያደርጋል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። በያንዳንዱ እርምጃ 1 ሚሊ ሜትር ቢስት አሥራ ሁለተኛው ጋ ሲደርስ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ስህተት ተከማችቷል፤ የመጨረሻውም ቁራጭ ከሌሎቹ ጎልቶ አጥሮ ወይም ረዝሞ ይታያል። ማስመሪያው አንዴ ከተቀመጠ ሳይነሳ 2፣ 4፣ 6፣ 8 እየተባለ ምልክት ይደረግ። ሁለተኛው ደግሞ ዜሮው ነው። በብዙ ማስመሪያዎች ላይ ዜሮ የሚጀምረው ከጫፉ ጥቂት ገባ ብሎ ነው፤ ከጫፉ የለካ ልጅ የመጀመሪያው ቁራጭ ብቻ ይረዝምበታል። የሁለቱም ስህተት መልክ የተለያየ ስለሆነ ቁርጥራጮቹን አይታችሁ ምን እንደተፈጠረ ታውቃላችሁ። እናንተ ካወቃችሁ በኋላ ግን ለልጁ አትንገሩት፤ ስድስቱን ወይም አሥራ ሁለቱን ቁራጭ ሙሉው ሪባን ላይ ደርድሮ እንዲያይ ብቻ ጠይቁት።

ሥራው ዋጋ የሚያወጣው በሚቀጥለው ቀን ነው። ግማሽና ሲሶ ሲደመር ስንት ነው? ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ «ሁለት አምስተኛ» የሚል ልጅ በየክፍሉ አለ። ግማሹንና ሲሶውን ጫፍ ለጫፍ አስቀምጦ ከሥራቸው አንድ ቀለም ብቻ ተጠቅሞ እኩል እንዲያደርግ እዘዙት። ሩብ ቢደረድር አይገጥምም፤ ስምንተኛም አይገጥምም። ስድስተኛ ሲደረድር አምስቱ ልክ ይመጣሉ። በማስመሪያ ቢለካው 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለት አምስተኛ ቢሆን ኖሮ 9.6 ሴንቲ ሜትር ይሆን ነበር፤ ያ ደግሞ ከግማሹ ከራሱ ያንሳል። ሁለት ነገር ተደምሮ ከአንዱ ያነሰ ውጤት ሊሰጥ እንደማይችል ሪባኑ ፊቱ ላይ አሳየው። «የጋራ ታህት» የሚለው ቃል ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ከዚህ በኋላ ይሁን፤ ያኔ ልጁ እጁ አስቀድሞ ለሚያውቀው ነገር ስም አገኘ ማለት ነው። ቶሎ ለጨረሱ ልጆች «አምስተኛ ለምን አልሠራንም?» የሚለውን ጥያቄ ስጧቸው። 24 ለ5 ሲካፈል 4.8 ይመጣል። ከስምንተኛው በስተቀር ሌሎቹም አምስተኛውም ያለ ቀሪ የሚካፈሉበትን አጭሩን ርዝመት ፈልገው 60 ላይ ከደረሱ ትንሹን የጋራ ብዜት ትርጓሜው ሳይነገራቸው አግኝተውታል።

ስለ መቀስ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የምንለው ሁሉ በመቆረጥ ላይ የቆመ ነው። አውራ ጣት ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሁን። አውራ ጣቱን ወደ ታች አዙሮ የሚቆርጥ ልጅ ክርኑ ወደ ጎን ይነሳል፤ መስመሩም ይጠፋዋል። ክብ ሲቆረጥ የሚዞረው ወረቀቱ ነው፤ መቀሱ ከደረት ፊት ለፊት አይንቀሳቀስም። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ልጅ ከሰዓት ዘንግ አቅጣጫ በተቃራኒ፣ ግራ እጁን የሚጠቀም በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ይቁረጥ። ለጀማሪ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ ተጨምቆ የሚበጠስ 2 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ሪባን ስጡት፤ ከዚያ ቀጥታ መስመር፣ ከዚያ ማዕዘን ያለው መስመር፣ ክብ መጨረሻ ይምጣ።

ግራኝ ልጆችን በተመለከተ የምንናገረው ከልብ ነው። ተራ መቀስ ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው። የላይኛው ስለት ያለበት ጎን መስመሩን ከግራኙ ልጅ ዓይን ይጋርደዋል፤ ጣቶቹ ሲጨምቁም ሁለቱ ስለቶች ከመገጣጠም ይልቅ ይላቀቃሉ፤ ወረቀቱም መሐላቸው ገብቶ ይታጠፋል። ልጁ «እጁ አይታዘዝም» ይባላል፤ ጥፋቱ ግን የመሣሪያው ነው። ለአንድ ክፍል ሁለት ወይም ሦስት የግራኝ መቀስ ይበቃል። መገኘት አለበት።

ሽመና ላይ ቆየት እንላለን፤ የእጅ ስህተት እንዲህ ጥርት ብሎ የሚታይበት ሥራ ጥቂት ነውና። ለአንድ ልጅ 15 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ የካርቶን ቁራጭ ያስፈልጋል። የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን በሁለት ልሙጥ ወረቀቶች መሐል የተሸበሸበ ወረቀት አለው። የሽብሽቡ መስመሮች በ20ው ሴንቲ ሜትር በኩል፣ ማለትም ድሩ በሚወጠርበት አቅጣጫ እንዲሄዱ አድርጋችሁ ቁረጡ። አዙራችሁ ከቆረጣችሁት ድሩ ሲወጠር ካርቶኑ በሽብሽቦቹ ላይ እንደ ቅስት ይጎብጣል። ከላይና ከታች ካሉት አጫጭር ጎኖች ከየዳሩ 1.5 ሴንቲ ሜትር ትታችሁ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የሚገቡ ስንጥቆች አውጡ፤ 13 ይሆናሉ። ለድር የማይለጠጥ የጥጥ ክር ይሁን። የሱፍ ክር ለድር አይሆንም፤ ሲወጠር ይለጠጣል፣ ሥራው ከካርቶኑ ሲወጣ ደግሞ ይሰበሰባል። የክሩን ጫፍ ከካርቶኑ ጀርባ በፕላስተር አጣብቃችሁ በየስንጥቁ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እያደረጋችሁ ወጥሩ። ውጥረቱ ልክ የሚሆነው ጣት ከሥር ገብቶ ክሩን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ማንሳት ሲችል ነው።

ማጉ ወፈር ያለ የሱፍ ክር ወይም ከአሮጌ ጨርቅ የተቀደደ 1.5 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ሪባን ሊሆን ይችላል። ርዝመቱ ከ1 ሜትር አይብለጥ፤ ልጁ የማጉን ጫፍ በክንዱ ልክ መሳብ ካልቻለ ክሩ ይተበተብበታል። በመርፌ ፈንታ ጫፉ የደነዘዘ የፕላስቲክ መርፌ ወይም ጫፉ ላይ ቀዳዳ ያለው ቀጭን የካርቶን ቁራጭ ይሠራል። የሚሰጠው ትእዛዝ አንድ ነው፦ በአንዱ ላይ፣ በቀጣዩ ሥር። ሲመለስ ደግሞ መጨረሻ ያለፈበትን ድር ይመልከት፤ በላዩ አልፎ ከሆነ አሁን በሥሩ ይለፍ።

አሁን ስህተቱን እንመልከት። ልጁ ሲመለስ ይህን ረስቶ በላዩ ባለፈበት በላዩ ቢመለስ ማጉ ዳር ያለውን ድር አልያዘውም። ክሩን ሲስበው የሠራው ረድፍ በሙሉ ተመልሶ ይወጣል። ያን ጊዜ የልጁን ፊት ማየት ነው፤ ይደነግጣል፣ ደግሞ ይስበዋል፣ ከዚያ ዳሩን አተኩሮ ያያል። መምህር እዚያ ደቂቃ ላይ መናገር የለበትም። ልጁ ዳሩን ማየት ከጀመረ ሊያገኘው ነው።

ሁለተኛው ስህተት ቀስ ብሎ ይመጣል። ከስምንት ወይም ከአሥር ረድፍ በኋላ የሽመናው ወገብ ይጠብባል፤ 12 ሴንቲ ሜትር የነበረው 9 ይሆናል። ምክንያቱ ማጉ በየድሩ ላይና ሥር ሲወጣና ሲገባ ከቀጥታ መስመር የረዘመ መንገድ መሄዱ ነው። ልጁ ማጉን ቀጥ አድርጎ ሲስበው ለዚያ መንገድ የሚበቃ ክር ስለማይኖር ማጉ ዳርና ዳር ያሉትን ድሮች ወደ መሐል ይጎትታል። መፍትሔው ማጉን በአንዴ ከማጥበቅ ይልቅ መሐሉ ላይ ወደ ላይ ጉብታ አድርጎ መተው፣ ከዚያ በሹካ ከመሐል ወደ ዳር እየጠቀጠቁ ማውረድ ነው። በየአምስቱ ረድፍ ወርዱን በማስመሪያ ይለካና በደብተሩ ይጻፍ። ከ4ኛ ክፍል በላይ ያሉት ቁጥሮቹን በግራፍ ወረቀት ላይ ያስቀምጧቸው። መስመሩ የት ላይ እንደወረደ፣ ጉብታውን መተው ከጀመሩ በኋላ የት ላይ እንደቆመ ያያሉ። ግራፍ ማንበብን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መረጃ አናውቅም፤ ልጁ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ እጁ ምን ያደርግ እንደነበር ያስታውሳል።

ሲከፈት ሳጥን የሚነሳበት ካርድ አጭር ሥራ ነው። ኤ4 ወረቀት በወርዱ ለሁለት ይታጠፋል። ከእጥፋቱ ጀምሮ ወደ ውስጥ፣ በመሐላቸው 5 ሴንቲ ሜትር ያለ፣ እያንዳንዳቸው 4 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ትይዩ መስመሮች ይቆረጣሉ። የተቆረጠው ክፍል አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ታጥፎ በጥፍር ይጫናል። ከዚያ ካርዱ ተከፍቶ ያ ክፍል ወደ ውስጥ ይገፋል። ከእጥፋቱ ሳይሆን ከክፍቱ ጎን የቆረጠ ልጅ ሳጥን አይነሳለትም። ሁለቱን መስመሮች እኩል ያላደረገ ሳጥኑ ያጋድልበታል፤ ይህን ወድዶ ሆን ብሎ የሚደግም ልጅ ካለ ተዉት፣ ጥሩ ነገር አግኝቷል። ትልቅ ሳጥን የፈለገ ደግሞ ካርዱን ሲዘጋ ሳጥኑ ከውጭ ብቅ ይልበታል። የታጠፈው ካርድ ከእጥፋቱ እስከ ዳሩ 14.85 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሳጥኑ ሲዘጋ የሚደርሰው ደግሞ የቁራጩን ርዝመት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ቁራጩ ከ7.4 ሴንቲ ሜትር ሊበልጥ አይችልም። ይህን ቁጥር አስቀድማችሁ አትስጡ። በ5፣ በ6፣ በ7 እና በ8 ሴንቲ ሜትር ሞክረው ድንበሩን ራሳቸው ያግኙት።

እስካሁን ያነሳናቸው ሥራዎች ስህተትን ወዲያው ወይም በደቂቃዎች ውስጥ ይናገራሉ። አንዳንድ ሥራ ግን የሚናገረው ከቀናት በኋላ ነው፤ ትንንሽ ልጆችን በነዚህ መጀመር የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው። በፊኛ ላይ ወረቀት እየለጠፉ የመሬትን ሉል መሥራት የታወቀ ሥራ ነው። ሙጫው 1 ኩባያ ዱቄት በ1 ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በደንብ ተበጥብጦ፣ በሚፈላ 4 ኩባያ ውሃ ላይ እየተማሰለ ተጨምሮ፣ 2 ወይም 3 ደቂቃ በስሎ ይዘጋጃል። የሻጋታ መከላከያ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው ይገባበታል። ማብሰሉ የትልቅ ሰው ሥራ ነው፤ ልጆች የሚነኩት ሲቀዘቅዝ ነው። ጋዜጣው አይቆረጥ፣ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይቀደድ። የተቀደደ ጠርዝ ሳስቶ ከሥሩ ካለው ወረቀት ጋር ይዋሃዳል፤ በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ ግን ከደረቀም በኋላ መስመሩ ይታያል። ሪባኑ ሙጫው ውስጥ ከገባ በኋላ በሁለት ጣት መሐል ተስቦ ትርፉ ይውጣ።

በአንድ ቀን ከ2 ድርብ በላይ አይለጠፍ። ልጆች በአንዴ አምስት ድርብ ይለጥፋሉ፤ ላዩ በማግሥቱ ይደርቃል፣ ውስጡ ግን እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ከቀናት በኋላ ይሻግታል። ሥራውን ፀሐይ ላይ ማስጣትም አይሆንም፤ ፊኛው ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ፊኛው ይሰፋና ገና ያልጠነከረውን ወረቀት ይሰነጥቀዋል። ፊኛ ከመግዛታችሁ በፊት ለፊኛ ጎማ አለርጂ ያለበት ልጅ መኖሩን ወላጆችን ጠይቁ። ከ2 ኩባያ ዱቄት፣ ከ1 ኩባያ ጨውና ከ1 ኩባያ ያህል ውሃ የሚሠራው የጨው ሊጥም ጠባዩ እንዲሁ ነው። ከ1 ሴንቲ ሜትር የወፈረ ቅርጽ ላዩ ቀድሞ ደርቆ ሲኮማተር ውስጡ ገና ለስላሳ ስለሆነ ይሰነጠቃል። ለእንዲህ ያሉ ሥራዎች ልጆቹ ቀንና የድርብ ብዛት የሚመዘግቡበት ወረቀት ይኑራቸው፤ አለዚያ ስንጥቁ ሲመጣ ምክንያቱን የሚያስታውስ አይኖርም።

ለከፍተኛዎቹ ክፍሎች የወረቀት ላይ መብራት አለ፤ አምፖሉ ይበራል ወይም አይበራም፣ ከዚህ የፈጠነ መልስ የለም። አንድ ትንሽ ኤልኢዲ (ሁለት እግር ያለው አምፖል)፣ አንድ 3 ቮልት የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባትሪና 1 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው ሁለት የአልሙኒየም ፎይል ሪባኖች ይበቃሉ። የኤልኢዲው ረጅም እግር ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ ጎን ይሂድ። ካልበራ አብዛኛውን ጊዜ እግሮቹ ተለዋውጠዋል፣ ፎይሉ ማዕዘን ላይ ተቀዷል፣ ወይም ሁለቱ ፎይሎች ተነካክተዋል። ቀይና ነጭ ኤልኢዲ በአንድ ባትሪ ላይ ጎን ለጎን ቢያያዙ ነጩ ይደበዝዛል ወይም ጭራሽ አይበራም፤ ቀዩ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ስለሚበራ ኃይሉን ይወስደዋል።

ስለ ባትሪው አጥብቀን እናሳስባለን። ይህ ባትሪ ቢዋጥ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። ባትሪዎቹ ተቆጥረው ይሰጡ፣ ተቆጥረው ይመለሱ፤ ቁጥሩ ሳይሞላ ማንም ከክፍል አይውጣ። ልጅ መዋጡ ከተጠረጠረ ምልክት አይጠበቅም፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል። ታናናሽ ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ሥራው ያለ ባትሪ ይላክ።

ጊዜን በተመለከተ፣ ሥራውን መጀመሪያ እናንተ ራሳችሁ ሥሩትና የፈጀባችሁን ጊዜ በሦስት አባዙት። ለ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 5 ደቂቃ ለማሳየት፣ 25 ለሥራ፣ 5 ለጽዳት፣ 5 ለመነጋገር ይበቃል፤ ካልበቃ ሥራው ለሁለት ቀን ይከፈል። ሙጫ በጠርሙስ አይታደል። በጠርሙስ ክዳን ላይ ጥቂት ጠብታ አድርጋችሁ ለአራት ልጆች አንድ ክዳን ስጡ። ነጭ ሙጫ ውሃ ስላለበት ሲበዛ የወረቀቱን ጭረቶች ያሳብጣቸዋል፤ ወረቀቱ የሚጨማደደው ለዚህ ነው።

«ይህ ሁሉ ጊዜ ከሒሳብና ከሳይንስ አይሻማም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ክፍልፋዩ፣ ግራፉና የኤሌክትሪክ ዑደቱ ራሳቸው ሒሳብና ሳይንስ ናቸው። ፊንላንድ በትምህርት ባለሙያዋ በኡኖ ሲግኔየስ ጥረት እ.ኤ.አ. በ1866 የእጅ ሥራን በሕዝብ ትምህርት ቤቶቿ ግዴታ ስታደርግ ከሌሎቹ ትምህርቶች ጎን ቦታ ሰጥታው ነው፤ ሳምንት ሲያልቅ ለሚተርፍ ሰዓት አላስቀመጠችውም።

በመጨረሻ ስለ ማርክ። የሥራውን ውበት አትመዝኑ፤ ውበቱን ከመዘናችሁ ወላጅ ማታ ይሠራዋል። ልጁ ሁለት ሥራ ያቅርብ፣ የመጀመሪያውንና ያረመውን። ከጎናቸው ሦስት መስመር ይጻፍ፦ ምን ተበላሸ፣ ለምን፣ በሁለተኛው ላይ ምን ለወጥኩ። ገና መጻፍ ያልለመዱ የ1ኛ እና የ2ኛ ክፍል ልጆች በጣታቸው እያሳዩ ይናገሩ፤ እናንተ ጻፉላቸው። ግድግዳ ላይ ሲሰቀልም ወገቡ የጠበበው ሽመና ከተስተካከለው በላይ ይሰቀል፤ ወርዱም በየአምስቱ ረድፍ በሴንቲ ሜትር ተጽፎበት።